ባለቤቴ እንዲያየው ያንቀሳቀስኩት ከተማ

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም በየመሃሉ ቆመሽ የጎረቤት ወሬ እየጠየቅሽ ታርፊያለሽ ወይስ መድኃኒቱ ሠራልሽ? ያ የክረምቱ ሳልስ ለቀቀሽ? ጣሪያችሁ ማፍሰሱን ተወ? ወንድማችን አንዱን ቀዳዳ ሊደፍን ወጥቶ ሌላ ከፍቶ ወረደ ያልሽኝን ባሰብኩ ቁጥር የስፌት መኪናዬ ላይ ብቻዬን እንደ እብድ እስቃለሁ። እኔ፣ ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው፣ ደህና ነኝ፤ ከቆጠርነው ግን ወረቀቱ በእሱ ብቻ ያልቅብኛልና ለጊዜው እንዝለለው። ባለቤቴም ደህና ነው። ይህን ቃል ለወጉ ያህል አይደለም የጻፍኩት፤ አፌን ሞልቼ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የደንበኛ ቀሚስ እያስተካከልኩ፣ ስፒል በከንፈሬ ይዤ፣ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አውጥቼ ተቀመጥኩ። «ሰውየው ጨልሞበታል፤ አንቺ አብረሽው አትጨልሚ፤ መኪናሽን አሽገሽ ነይ፤ አንድ ክፍል አስለቅቄልሻለሁ» ብለሽኛል። ከአንጀትሽ እንደጻፍሽው አውቃለሁ። እኔም ከዚያ በፊት የላክሁልሽ ደብዳቤ ለቅሶ እንጂ ደብዳቤ አልነበረም፤ እሱን ያነበበች እህት ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ግን እታለም፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። አልመጣም። ክፍሉን ለልጆቹ መልሺላቸው። አትቀየሚኝ፤ ሻይሽን ቅጂና እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጭ፤ እንዴት እንደከረምን ላጫውትሽ።

ባለፈው እኛ ዘንድ ስትመጪ ባለቤቴ ሲያናግሩት ፊቱን ያዞራል ብለሽ፣ «ንቆኛል» ብለሽ ሄድሽ። ንቀት አይደለም። የዓይን ሐኪሙ እንዳስረዳን የተጎዳው የዓይኑ መሃል ነው፤ ዳርና ዳሩ ይሠራል። ፊት ለፊት ካየሽ ፊትሽ ያለበት ቦታ ላይ ጉም ይቀመጥበታል። ስለዚህ አንቺን ለማየት ግድግዳውን ነው የሚያየው። እኔም መጀመሪያ ሰሞን «እኔ እዚህ፣ ዓይንህ እዚያ!» እያልኩ እቆጣው ነበር። ባቡር መንዳት ደግሞ ለእሱ እንጀራ ብቻ እንዳልነበረ ታውቂያለሽ። ሥራውን ከተወ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ የእሱን ቅርጽ ያዘ፣ እሱ ደግሞ የወንበሩን ጠባይ። ከቤታችን ጀርባ ባቡር ባለፈ ቁጥር ተነስቶ መስኮት ይዘጋል። የሥራ ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ «ተኝቷል በያቸው» ይለኛል።

ከሁሉም የከበደኝ የረዳቱ ነገር ነበር። ረዳት ነጂ ሆኖ ብዙ ዓመት ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ነው። ሲያወራ አንድ ዓይኑን ስለሚያርገበግብ በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም «ፍሬቻ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ወዶት ራሱን በስልክ «ፍሬቻ ነኝ» ብሎ ያስተዋውቃል። ለባለቤቴ እንደ ታናሽ ወንድም ነበር። ባለቤቴ ሥራ ከተወ ወዲህ ግን ፍሬቻ በሩን ባንኳኳ ቁጥር ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ምን አጣላችሁ ስለው «ማን ተጣላ?» ይለኛል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ፍሬቻም ብርቱካኑን በር ላይ ያስረክበኝና፣ ያችን ዓይኑን አርገብግቦ፣ «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብሎ ይመለሳል። ያን የለቅሶ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ እንዲህ ካለው ቀን በአንዱ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ ካርቶን ነው። ባለቤቴ ሲሰናበት የሥራ ባልደረቦቹ እሱ ይነዳው የነበረውን ባቡር የሚመስል ትንሽ ሞዴል ባቡር ከነሐዲዱ ገዝተው ሰጥተውት ነበር። ሳይከፍተው አልጋ ሥር ወረወረው። ክረምቱ መግቢያ ላይ የጠፋብኝን የገበር ጨርቅ ጥቅል ፍለጋ አልጋው ሥር ስገባ ካርቶኑ ግንባሬን መታኝ። ተናደድኩ። ጎትቼ አወጣሁትና ጭኑ ላይ አስቀምጬ፣ «ወይ ክፈተው ወይ ለልጅ ልስጠው፤ እኔ ከእንግዲህ ሁለት የቆመ ነገር አልጠርግም» አልኩት። አነጋገሬ ጠንካራ ነበር። ሻይ አፍልቼ ስመለስ ግን ከፍቶት አገኘሁት። ባቡሩን በጣቶቹ ይዳብሰዋል፣ የሚያውቀውን ሰው ጨለማ ውስጥ እንዳገኘ ሰው። «ፍሬኑን በትክክል ሠርተውታል፤ ደረጃው ግን በዚህ በኩል መሆን ነበረበት» አለ። ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ከወጡት ቃላት ሁሉ ረጅሙ ያ ነበር።

ከዚያ በኋላማ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተብኝ። ከጎረቤት የተጣለ በር አምጥቶ በሁለት መቀመጫ ላይ አጋደመ፤ ያውም የት? የስፌት ክፍሌ ውስጥ! ሐዲዱን ዘረጋበት። በጆንያና በጄሶ ተራራ ሠራ፣ ከካርቶን ጣቢያና ቤቶች አቆመ። እጁ መቼም ምን ጊዜም እጅ ነው፤ ዓይኑ የከዳውን ጣቶቹ ይሞሉለታል። እኔ አንዱን ጥግ ይዤ ስሰፋ እሱ በሌላው ጥግ ባቡሩን ያዞራል፤ የደንበኞቼ ሱሪ ላይ የጄሶ ብናኝ እየተገኘ ስንት ሰበብ ፈጠርኩ መሰለሽ።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ባቡሩን አቁሞ፣ እጁን አጣምሮ አገኘሁት። «ምነው?» አልኩት። «ሙት ከተማ ነው» አለኝ። «ባቡሩ ሲሄድ ባቡሩን አያለሁ፤ ሲቆም ሁሉም ነገር ይጠፋብኛል። የቆመ ነገር አይታየኝም እኮ። የሚንቀሳቀስ ከሆነ በዓይኔ ጥግ ይገባልኛል።» ቀጠለና ግድግዳውን እያየ፣ ማለትም እኔን እያየ፣ «አንቺንም ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ አጣሻለሁ። ስትሰፊ ግን እጅሽ ይታየኛል» አለኝ።

እታለም፣ ያን ጊዜ የያዝኩትን ጨርቅ ጥዬ ማልቀስ ነበረብኝ፤ ወግ ነውና። እኔ ግን የመጣብኝ እልህ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ከሆነ ታዲያ ምን ያስለቅሳል? የሚንቀሳቀስ ከተማ ነው የሚፈልገው፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ በጎማ የሚዞርበት መኪና ፊት ነው የተቀመጥኩት። «እኔ አንቀሳቅስልሃለሁ» አልኩት። ሳቀብኝ። በዚያች ሳቁ እልሄ ባሰ።

መጀመሪያ የሠራሁት የልብስ ማስጫ ነው። ከገበር ቁርጥራጭ የጣት ጥፍር የሚያህሉ ሸሚዞችና አንሶላዎች ሰፍቼ በክር ላይ ሰቀልኩ። ከተበላሸው ቴፓችን ውስጥ ሞተር ነቅዬ፣ ከክሩ ጫፍ ጋር አገናኝቼ ለኮስኩት። የቴፕ ሞተር መፍጠኑን ማን ነገረኝ! ልብሱ ሁሉ እንደ በረሃ አንበጣ ተበተነ፤ አንዱ ሸሚዝ ሻዬ ውስጥ ገባ፣ አንዱ አንሶላ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ባለቤቴ «ነፋስ ነው ወይስ ፍንዳታ?» አለኝ። ከዚያ የራሴን መኪና ገልብጬ አየሁት። ትንሿን ጎማ በእጅሽ ስታዞሪያት በላስቲክ የተያያዘው ትልቁ ጎማ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ በየቀኑ በእግሬ የምነዳውን ነገር ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። በክር ማጠንጠኛና በፀጉር ላስቲክ ያንኑ ሠራሁ። ልብሶቹ ልክ የከሰዓት ነፋስ እንደነካቸው ወዝወዝ ማለት ጀመሩ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ ትንሽ ቆየና፣ «ታጥቧል፤ ነጭ ልብስ ነው የታጠበው» አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ለካ እውነት ነው።

ቀጥዬ ጣቢያው ላይ አንዲት ሴት አቆምኩ፤ ነጠላ ጨርቅ ይዛ እጇን የምታውለበልብ። ይህችን እንዴት እንደሠራኋት ካልነገርኩሽ አይወጣልኝም። የካፖርት አዝራር ቀዳዳዎቹ ከመሃል ፈንጠር ብለው ነው ያሉት አይደል? የሞተሩን ዘንግ በአንደኛው ቀዳዳ ካስገባሽው አዝራሩ እንደ ሰካራም ወገቡን እያጣመመ ይዞራል። ጠርዙ ላይ ያረፈች ቀጭን ሽቦ ደግሞ አብራ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሽቦዋን በጠረጴዛው ቀዳዳ አሳልፌ ከሴትየዋ ክንድ ጋር አሰርኳት። አለቀ! ባለቤቴ ሲያያት «ማንን ነው የምትሸኘው?» አለኝ። «ትቀበላለች እንጂ አትሸኝም» አልኩት። «እንዲህ አድርጎ የሚያውለበልብ ሰው ይሸኛል» ብሎ ድርቅ አለ። እኔም ድርቅ አልኩ። በዚህ ጉዳይ ምሳ ሳንበላ ቀረን። ትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ጸብ መናፈቄን ያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ የብየዳ ቤት መጣ። ከእጅ ባትሪ የነቀልኳትን ትንሽ ነጭ አምፖል ካርቶን ቤቱ ውስጥ አስገባሁ፤ የክር ማጠንጠኛ ላይ ፎይል ጠቅልዬ ወጣ ገባ አድርጌ ቆራረጥኩት። ማጠንጠኛው ሲዞር ሽቦዋ ፎይል ስትነካ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ባዶውን ስትነካ ድርግም ይላል። በያጅ አጎንብሶ የሚሠራ ይመስልሻል። ባለቤቴ ገና ከበሩ እንደገባ ነው ያየው፤ ደስ ብሎት «ይሄስ ከሩቅ ይጣራል!» አለ።

ለካርቶኑ ዳቦ ቤት ያሰብኩት ጭስ ግን ጉድ ሠራኝ። ከላያችን የምትኖር ጡረተኛ ሴት አለች። መኪናዬ ትንሽ ካንኮሻኮሸ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ስለምትደበድብ እኔና ባለቤቴ «ፀጥታ» ነው የምንላት። እሷ የጣለችውን የክፍል አየር ማርጠቢያ አንስቼ፣ ውሃን እንደ ጉም የሚያተነውን ክፍሉን ፈትቼ፣ ከዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ ሥር ቀበርኩት። እሑድ ከሰዓት ነበር። ጭሱ እንዴት አምሮ ወጣ መሰለሽ! «ዳቦ ሸተተኝ» ብሎ ባለቤቴ ሲቀልድ፣ ውሃው በጠረጴዛው ስንጥቅ አፈትልኮ ሽቦ ላይ ወረደና ጧ አለ። ቆጣሪው ጣለ። የእኛ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ የሕንጻው ሁሉ መብራት ጠፋ።

ወዲያው በራችን ተደበደበ። ፀጥታ ናት። ፀጉሯን እየተኮሰች ነው መብራቱ የጠፋባት፤ ግማሹ ተጠቅልሏል፣ ግማሹ እንደ መጥረጊያ ቆሟል። «እናንተ ሰዎች ልትገድሉን ነው?» እያለች ገባች። ባለቤቴ ያንን የቆመ ፀጉር ሲወዛወዝ በዓይኑ ጥግ ሲያይ መሰለኝ፣ ሳቁን አፈነው፤ ከዚያ ማፈን አቃተው። እታለም፣ ስንት ጊዜ ያልሰማሁትን ያንን ከሆድ የሚወጣ ሳቁን ሳቀ። እሷ ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «ይሄ የእኔ ማርጠቢያ አይደለም እንዴ?» አለች። ነው አልኳት። ቆጣሪውን መልሰን ልብሱን፣ ሴትየዋንና በያጁን ስናስነሳላት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ፀጉሯንም ረሳችው። መሽቶባት ልትሄድ ስትነሳ «ሴትየዋ ግን እየሸኘች ነው» ብላ ለባለቤቴ ፈረደች። ጠላት በቤቴ ገባ!

ጭሱን በኋላ አስተካከልኩት። ውሃና ሽቦ እንዳይገናኙ ማትነኛውን በፕላስቲክ ማሰሮ አድርጌ ከጠረጴዛው ውጭ ሰቀልኩት፤ ጉሙ በቀጭን ቱቦ ብቻ ይመጣል። ሞተሮቹንም በሙሉ በባትሪ አደረግኋቸው። ከእንግዲህ የማንም ፀጉር በእኔ ምክንያት አይቆምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ረፋድ ላይ የሱሪ ጫፍ እየሰፋሁ ሳለ ባለቤቴ፣ «መንገዱ ሐዲዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ አንድ ሰው አቁሚልኝ፤ ብስክሌት የያዘ። ባቡሩ ሲመጣ እጁን የሚያነሳ» አለኝ። ለምን ብስክሌት፣ ለምን እዚያ ቦታ ስለው ሐዲዱን በጣቱ መዳበስ ያዘ። እኔም መስፋቴን ቀጠልኩ፤ የማይመች ነገር የሚያወራ ሰው እጅሽ ሥራ ላይ ሆኖ ሲያይሽ ይቀለዋል። ቆይቶ ራሱ ጀመረ።

«መጨረሻ የነዳሁ ቀን፣ መንገድ ማቋረጫው ላይ ማገጃው ተበላሽቶ ተነስቶ ቀርቷል። አንድ ሰው የብስክሌቱ ጎማ ሐዲዱ መሃል ተቀርቅሮበት ቆሟል። እኔ ባዶ መንገድ ነው ያየሁት። ፍሬቻ ጮኸ፤ እጄን ገፍቶ ፍሬኑን ያዘው። ሰውየው ብስክሌቱን ጥሎ ዘለለ፤ እኛ ብስክሌቱን ጨፍልቀን ቆምን። ሰውየው መጥቶ ‘አላየኸኝም እንዴ?’ አለኝ። ምን ልበለው? ፍሬቻ ቀደመኝና ‘ፀሐይ ዓይናችን ውስጥ ገብታ ነው’ አለው። ፀሐይ አልነበረም፤ ደመና ነበር። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ ከዚያ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ‘ዓይኔ አያይም፤ ባቡር አትስጡኝ’ አልኩ። ፍሬቻ ዋሽቶልኛል። ያን ቀን እኔን አይቶኛል። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ማየት ከበደኝ፤ አሁን ደግሞ ብፈልግም አላየውም።»

ለእኔ እኮ «ዓይኔ ስለደከመ ተውኩ» ብሎ ብቻ ነው የነገረኝ። ይህን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ነው ወንበሩ ላይ የከረመው። «አይዞህ፣ ማንም አልሞተም» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ይህን ለራሱ ሺህ ጊዜ ሳይለው ይቀራል? ስለዚህ «ብስክሌቱ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?» አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ቀይ። ከተጨፈለቀ በኋላ ነው ያየሁት» አለ።

ቀይ ብስክሌት ሠራሁ። ጎማዎቹ ምን እንደሆኑ ብነግርሽ ትስቂያለሽ፤ ከጡት መያዣ ማንገቻ ላይ የሚፈቱ የብረት ቀለበቶች ናቸው። ሰውየውን ከሽቦ ሠርቼ፣ የገበር ጨርቅ ትራፊ አልብሼ፣ አንድ እግሩን መሬት አስነካሁት። ክንዱን የሚያነሳውን ግን ሁለታችን ነን የሠራነው። ባቡሩ ከመታጠፊያው እንደወጣ ቀጭን የመዳብ ንጣፍ ይጫናል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይነሳል፣ ሰውየውም እጁን ወደ ላይ ያወጣል። የመዳቡን ቦታ ባለቤቴ በጣቱ እየለካ አሥር ጊዜ አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው። «ራቅ ብሎ ይታየኝ፤ ማቆሚያ ይኑረኝ» ይላል። ሲሳካለት ባቡሩን ከብስክሌቱ ራቅ አድርጎ አቆመው፤ ከዚያ እንደገና አስነስቶ እንደገና አቆመው። እኔ ቁጭ ብዬ ሰፋሁ።

ፀጥታ ደግሞ ስሟን በሐሰት ነው የያዘችው፤ ለእሷ የተነገረ በሬዲዮ ከተነገረ ይብሳል። በሕንጻው ወሬያችንን ያልሰማ ጠፋ። የባቡር ሠራተኞች ክበብ ሊቀ መንበር ድረስ ደረሰና፣ ሰውየው ለቤተሰብ ቀን በክበቡ አዳራሽ ውስጥ እንድናሳይ መልእክት ላከ። ባለቤቴ አሻፈረኝ አለ። «ዕውር ነጂ መጥታችሁ እዩ ልበላቸው?» አለኝ። ለመንኩት፣ አልሆነም። ልመና እንዳልሠራ ሳይ፣ «እሺ፣ አንተ ቅር። እኔ የእጄን ሥራ ላሳይ ነው የምሄደው፤ ደግሞ ነጂ አላጣም፤ ፍሬቻን እለምነዋለሁ» አልኩና ጠረጴዛውን ለመፍታት ጎንበስ አልኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው ቆየሁ። ዞር ስል ኮቱን ለብሷል። «ፍሬቻ መታጠፊያው ላይ ሁልጊዜ ይፈጥናል፤ ባቡሬን ይገለብጠዋል» አለኝ።

በቀኑ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስንጓጓዝ የሴትየዋ ሽቦ ተበጥሶ ኖሮ ጠረጴዛው ሥር ተኝቼ፣ ክር በአፌ ይዤ ስጠግን ሰዎች የሚያዩት እግሬን ብቻ ነበር። ፀጥታ ማንም ሳይሾማት በር ላይ ቆማ «ዝም በሉ! በጣት አትንኩ!» እያለች ከሁሉ በላይ ትጮኻለች። ባለቤቴ መቆጣጠሪያውን ይዞ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሲነዳ መጀመሪያ ሰዉ ግራ ተጋባ፤ ምን እንደሚያይ ሳስረዳቸው ግን አንዳንዶቹ አንገታቸውን እንደ እሱ አጣመው ለማየት ሞከሩ። የድሮ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ትከሻውን እየነኩ ስማቸውን ነገሩት። ትከሻው ሲላላ፣ ወገቡ ሲቃና እያየሁ ነበር።

ፍሬቻ ወደ መጨረሻው ገደማ መጣ። በሰዎች መሃል አልፎ ልክ ማቋረጫው ፊት ቆመ። ቀዩን ብስክሌት አየው። ባቡሩ ከመታጠፊያው ወጣ፣ ሰውየው እጁን አነሳ፣ ባለቤቴ ራቅ ብሎ አቆመው። የፍሬቻ ዓይን፣ ያች መቼም አርፋ የማታውቀው፣ መርገብገቧን ተወች። «ጋሼ» አለው። ባለቤቴ ድምፁን ሲሰማ ጣቱ መቆጣጠሪያው ላይ ደረቀ። ወደ ውስጥ የሚገባበት መኝታ ቤት እዚያ የለም። እኔ መርፌዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ፍሬቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ብርቱካን ይዤ የምመላለሰው ለጥየቃ መስሎህ ነው? ላመሰግንህ እኮ ነው» አለው። ባለቤቴ «እኔን? ለምኑ?» አለ። «ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እህል አልቀምስ አልኩ። የዋሸሁት ከአፌ አምልጦኝ ነው። በማግስቱ ሄጄ አለቃችን ፊት ስለአንተ መናገር ነበረብኝ፤ ካልተናገርኩ ሰው ይሞታል፣ ከተናገርኩ አንተን እሸጣለሁ። አለቃችን በር ላይ ስደርስ አንተ ከውስጥ ስትወጣ አገኘሁህ። ራስህ ተናግረህ ጨርሰሃል። ያንን ሸክም ከጀርባዬ ያነሳህልኝ አንተ ነህ። አንተ ደግሞ በር ትዘጋብኛለህ!» አለው።

አዳራሹ ዝም አለ፤ ፀጥታ ሳትቀር። ከዚያ ባለቤቴ ፊቱን ከፍሬቻ ወደ ጎን አዞረ፤ ፍሬቻ መልሶ የናቀው መስሎት ሊያፈገፍግ ሲል ክንዱን ያዝኩትና «አትሂድ፣ አንተን ማየቱ ነው» አልኩት። ባለቤቴም፣ «ከስተሃል» አለው። ቀጥሎ ወንበሩን ትንሽ ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጠውና፣ «ና ቁጭ በል። ረዳት የሌለው ነጂ አይሆንም። መታጠፊያው ላይ ግን እንዳትፈጥን» አለው። ተቀመጠ። ያን ከሰዓት ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው እስኪያባርሩን ድረስ ነዱ።

አሁን ፍሬቻ የቤታችን ሰው ሆኗል። እሑድ እሑድ ይመጣና በትንሹ ነገር ይከራከራሉ፤ እኔም ሁለቱን አስታርቃለሁ ብዬ ሦስተኛ ሆኜ እጣላለሁ። ክበቡም ጠረጴዛችንን ለዘለቄታው አዳራሹ ጥግ ላይ እናስቀምጠው ብሎ ጠይቆን ነበር፤ «በምን ሞኝነቴ!» አልኳቸው። ሲያምራቸው መጥተው ይዩ። ባለቤቴ ጭጋጉ ከዓይኑ አልጠፋም፤ ሐኪሙም አይጠፋም ብሎናል፤ ይህን ልዋሽሽ አልፈልግም። አንዳንድ ጠዋትም ዝም የሚልበት ቀን አለ። ግን እኔ ያገባሁት ሰው እቤት አለ፤ ሲጠፋብኝ የት እንደምፈልገው አውቃለሁ።

አሁን የያዝኩት ሥራ ዝናብ ነው። «ጣቢያው ላይ ዝናብ ብታዘንቢ ሙሉ ይሆናል» አለኝ። እውነተኛ ውሃ ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይገባምና የዓሣ ማጥመጃ ክር ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ክር እንደ ሐረግ ጠምጥሜ፣ ብዙ አድርጌ ደርድሬ፣ ከላይ በሞተር አዞርኳቸው። መብራት ሲያርፍበት ብልጭታው በክሩ ላይ እየሮጠ ይሄዳል፤ ቁርጥ ዝናብ። ትናንት ሁለቱን ነጂዎች ጠርቼ በኩራት ለኮስኩላቸው። ከዚያ ፍሬቻ ዓይኑን እያርገበገበ፣ «እትዬ፣ እዚህ አገር የሚዘንበው ከመሬት ወደ ሰማይ ነው እንዴ?» አለኝ። ለካ ሞተሩን በግልባጭ ነው ያዞርኩት፤ ዝናቤ ሽቅብ ይወጣል! ሁለቱ ተደጋግፈው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ሁለት ሽቦ ማቀያየር ነው የቀረኝ። ደብዳቤሽን ፖስታ ቤት ጥዬ እንደተመለስኩ ዝናቡን አወርደዋለሁ፤ ጥላ ይዘው ይምጡ ብያቸዋለሁ።

በይ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጠንክርልሽ። ወንድማችንን ሳሚልኝ፤ ከጣሪያ ላይ እንዲወርድና ለባለሙያ እንዲተወው ንገሪው። አማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የላኩላቸው ሹራብ እጅጌው ከረዘመ መልሰው ይላኩት፣ አሳጥረዋለሁ። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዳለፈ ሰምቼ ብቻዬን እልል ብዬ ፀጥታ ወለል ደበደበችብኝ። ሚጡን ጉንጮቿን በሁለቱም በኩል ሳሚልኝ፤ ለአሻንጉሊቷ የተሰፋ ካፖርት በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ ኪሱ እውነተኛ ነው፣ ሳንቲም ይይዛል። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ባለቤቴም ሁላችሁንም ሰላም ብሏል፤ አጠገቤ ተቀምጦ «ብዕርሽ ዛሬ እንደ ባቡር ነው የሚሮጠው» እያለኝ ነው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከሐዲዱ አጠገብ ካለው ቤታችን፣ ከስፌት ክፍሌ
ኅዳር ፱ ቀን